ዛሬ ስንት ነው?

እናቴ ጠዋት ዓይኗን እንደገለጠች የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት። “ዛሬ ስንት ነው?” ትላለች። ቁጥሩ ብቻውን ምኗም አልነበረም። “12” ሲሏት “ሚካኤል!” ብላ ታማትባለች፤ “23” ሲሏት “ጊዮርጊስ!” ትላለች፤ “5” ሲሏት “አቦ!” ብላ ከመኝታዋ ትነሣለች። ሞላሌ ባደግሁበት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አልነበረም። የቀን መቁጠሪያችን እሷ ነበረች።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመርሳት ሕመም ያዛት። መጀመሪያ ድስቱን እሳት ላይ ረሳች፤ ቀጥሎ የጎረቤቶቻችንን ስም፣ ከዚያ የልጅ ልጆቿን፣ በመጨረሻም የእኔን። ያች ጥያቄ ግን አልጠፋችም። ቀድሞ በቀን አንዴ ትጠይቅ የነበረውን ሃያ ጊዜ ትጠይቀን ጀመር። አንዳንዴ ይሰለቸኝ ነበር፤ ይህን አልሸሽግም። ካረፈች በኋላ ግን ጠዋት የሚጠይቀኝ ሰው ሲጠፋ፣ ቀኑን ራሱን የማላውቅበት ጊዜ መጣ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ያ ነው። እግዚአብሔርን በየዕለቱ ኑሯችን ውስጥ ማሰብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ከእሷ የተማርኩትንና ራሴ የተሳሳትኩበትን ለወላጆችና ለአያቶች ላካፍል ብዬ ነው።

ዝክር የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ድፎ ዳቦ፣ ጠላና በሰው የተሞላ ቤት ነው። ቃሉ ግን ከግእዙ “ዘከረ” የመጣ ነው፤ አሰበ፣ አስታወሰ ማለት። ተዝካርም ከዚያው ነው። ዘካርያስ የሚለው ስም እንኳ “እግዚአብሔር አሰበ” ማለት ነው። ዝክር ከድግሱ በፊት ማሰብ ነው፤ ዳቦውና ጠላው የማሰቡ ማዕድ ነው እንጂ ራሱ ማሰቡ አይደለም።

ወሩን በሙሉ በመታሰቢያ የመሸፈን ልማድ ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች ሩቅ ታሪክ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡትና ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የእመቤታችን 33 በዓላት በየዓመቱ እንዲከበሩና ተአምረ ማርያም እንዲነበብ ያዘዙ ንጉሥ ናቸው። ዛሬ አንዲት የመንዝ እናት በ21 “ማርያም ናት” ብላ እንዝርቷን ስታስቀምጥ፣ ከ500 ዓመት በላይ የቆየ ትምህርት እየፈጸመች ነው። ስንክሳሩ በቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ የዕለቱን ቅዱስ ያነሣል፤ የቅዳሴው ጸሎት የታመሙትን፣ መንገደኞችን፣ ያረፉትን፣ ዝናሙንና የምድሩን ፍሬ እያነሣ ያስባል። ቤተ ክርስቲያን ስሟን እየጠራች የማታስበው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ይህ የማሰብ ሥርዓት በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ በሥራዬ ላይ አይቻለሁ። የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። እኔ ሥራ ስጀምር እናቶችን በካርድ ላይ ቀን እየጻፍን እንቀጥር ነበር። “በ13 ተመለሺ” ስንል ብዙዎቹ አይመለሱም ነበር። ካርዱ ከሰነድ ጋር ታስሮ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቁጥሩ ደግሞ ለእነሱ ባዶ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት “እህቴ፣ 13 ስትዪኝ የሚካኤል ማግስት ማለትሽ ነው?” አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጠሮ ስሰጥ በበዓሉ ሆነ። “የገብርኤል ዋዜማ፣” “የመድኃኔዓለም ማግስት፣” እያልኩ። የተመላሹ ቁጥር መጨመሩን በመዝገባችን ላይ አየሁት።

የመጀመሪያው የ6 ሳምንት ክትባት ደግሞ የራሱ ምልክት ነበረው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው፤ 6 ሳምንት 42 ቀን ነው። ስለዚህ “ክርስትናው በተነሣ በሁለተኛው ቀን አምጪው” ማለት በቂ ነበር። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስለምትነሣ፣ ሁለተኛው የ10 ሳምንት ክትባት ከክርስትናዋ 10 ቀን ቀድሞ ይውላል። የትኛዋም እናት የልጇን የክርስትና ቀን አትረሳም። ሰው የሚያስታውሰው ከሕይወቱ ጋር የታሰረውን ነገር መሆኑን ከነርስነት ትምህርቴ ይልቅ ከእነዚህ እናቶች ተምሬያለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልመለስ።

በወጣትነቴ ጸሎተኛ ነኝ ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። ውዳሴ ማርያም በቃሌ እደግማለሁ። የማታ ተረኛ ስሆን መርፌ እያዘጋጀሁ፣ መዝገብ እየሞላሁ እደግም ነበር፤ እንዲያውም ጊዜ ማትረፌ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሌሊት በምሠራበት ጤና ጣቢያ ሁለት ሕፃናት ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። ለአንደኛው የታዘዘውን የፔኒሲሊን መርፌ ይዤ፣ አፌ እየደገመ፣ ወደ ሁለተኛው አልጋ ሄድኩ። ሕፃኑን ለመገልበጥ እጄን ስዘረጋ አያቱ “እህቴ፣ ይኼ መርፌ የማን ነው? የእኛ ልጅ እኮ ባለፈው በዚህ ነገር ታሞ ነበር” አሉኝ። ካርዱን አየሁት። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። እኒያ አያት ባይጠይቁኝ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ጉልበቴ ከዳኝ፤ መርፌውን አስቀምጬ ወጥቼ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ሞላሌ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ታጽናናኛለች፣ “ጸሎትሽ ጠበቀው” ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሱፍ እየፈተለች ቀና ሳትል፣ “አፍሽ ሲደግም ልብሽ የት ነበር?” አለችኝ። ዝም አልኩ። “እመቤታችን ልጅ ያሳደገች ናት፤ መጀመሪያ ሕፃኑን እዪ ነው የምትልሽ” አለች።

ይህ ንግግሯ አብሮኝ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ረጅም ጸሎት መድገም ተውኩ። በምትኩ አንድ ትንሽ ነገር ጀመርኩ፦ መርፌ ወይም መድኃኒት ይዤ ወደ አልጋ ከመቅረቤ በፊት ቆም እላለሁ፤ በልቤ በስመ አብ እላለሁ፤ ከዚያ የታማሚውን ስም ጮክ ብዬ ከካርዱ አነባለሁ። ሁለት ትንፋሽ ቢፈጅ ነው። እስከ ጡረታዬ ድረስ ያን አልተውኩም። እግዚአብሔርን ማሰብ ከፊታችን ያለውን ሰው የሚያስረሳን ከሆነ ማሰብ አልነበረም ማለት ነው። ማሰብ ከሆነ ዓይናችንን ይከፍታል።

በኋላ ስለ አንድ የፈረንሳይ መነኩሴ ሳነብ የእናቴ ነገር ትዝ አለኝ። በ17ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ ገዳም ውስጥ ወጥ ቤት የሚሠራ፣ ወንድም ሎራን የሚባል ሰው ነበር። ወታደር የነበረና እግሩ የተጎዳ ሰው ነው፤ ሊቅ አልነበረም። በድስትና በሳህን ጫጫታ መካከል፣ በጸሎት ላይ እንደተንበረከከ ሰው እግዚአብሔር ፊት መሆንን ተለማመደ። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣውም በዚሁ ነው። እናቴ ስለ እሱ ሰምታ አታውቅም። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ማጀት ቢገናኙ የሚግባቡ ይመስለኛል።

የእናቴ መንገድ ቀላል ነበር፤ ማሰብን እጇ ከሚሠራው ሥራ ጋር ታስረዋለች። ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ጥምቀቷን ታስባለች። ሊጥ ስታቦካ በላዩ በጣቷ የመስቀል ምልክት ታደርጋለች። ቡና ስታፈላ ዕጣን ከማጨሷ በፊት ከቤት የራቁትን ልጆቿን አንድ በአንድ በክርስትና ስማቸው ትጠራለች። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስታልፍ ጭነት ቢኖራትም ቆማ ተሳልማ ነው የምታልፈው። ገብስ ስትዘራ ለለማኝና ለወፍ የሚሆነውን በአፏ ትጠቅሳለች። ሱፍ ስትፈትል መቁጠሪያ አያስፈልጋትም፤ እንዝርቱ በዞረ ቁጥር አንዲት አጭር ልመና ትላለች። መንዝ ውስጥ ስንት ባና እንዲህ ባለ ጸሎት እንደተፈተለ እግዚአብሔር ያውቃል።

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፤ ነግህ፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ሠርክ፣ የመኝታ ጊዜና መንፈቀ ሌሊት። ሥራ ላይ ያለ ሰው፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉንም ቆሞ ሊያደርስ አይችል ይሆናል። ነገር ግን 6 ሰዓት ሲሆን ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት መሆኑን፣ 9 ሰዓት ሲሆን ነፍሱን የሰጠበት መሆኑን ለአንድ አፍታ ማሰብ የማይችል የለም። እኔ 6 ሰዓት ላይ የታማሚዎችን ሙቀትና የደም ግፊት ስለካ፣ የደም ግፊት መለኪያው እስኪበርድ ያለችውን ጊዜ ለዚያ አዋልኳት።

እጅ መታጠብንም እንዲሁ። እጃችንን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ማሸት እንዳለብን ስናስተምር ኖረናል፤ ሰው ግን ሴኮንድ አይቆጥርም። አቡነ ዘበሰማያትን ረጋ ብዬ ስደግም በሰዓት ለክቼዋለሁ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይወስድብኛል። የልጅ ልጆቼን ያስተማርኩት ይህንን ነው፦ ከምግብ በፊት እጃቸውን እየታጠቡ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። እጃቸውም ይጠራል፤ ጸሎቱም ከምግብ በፊት ይደርሳል።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር እንክብል የሚወስዱ አረጋውያን “ዛሬ ወስጄ ይሆን?” እያሉ ሲቸገሩ አያለሁ። ከጠዋት ጸሎታችሁ ጋር እሰሩት። የጸሎት መጽሐፋችሁ ካለበት ቦታ አጠገብ፣ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ላይ አስቀምጡት። ጸሎቱ እንክብሉን ያስታውሳችኋል፤ እንክብሉም ጸሎቱን። ነገር ግን አደራ፤ ጸበል ጀመርኩ ወይም ጾም ገባ ብላችሁ መድኃኒት አታቋርጡ። የታመመ ሰው ስለ ጾሙ የነፍስ አባቱንም ሐኪሙንም ይጠይቅ። በሥራ ዘመኔ መድኃኒታቸውን በድንገት አቋርጠው በአልጋ ተሸክመው የመጡ ሰዎች ተቀብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይህን እንደማይፈልግ የነገሩኝ የነፍስ አባቶች ብዙ ናቸው።

አሁን ደግሞ ስለ ማኅበር ላንሣ፤ ምክንያቱም ሰው ብቻውን ማሰብ ይደክመዋል።

የእናቴ ማኅበር በየወሩ በ21 የሚጠጣ የማርያም ፅዋ ነበር። ፅዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የተረኛው ቤት ይሰናዳል፤ የነፍስ አባት ይባርካሉ፤ የማኅበሩ ሙሴ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይጠይቃል። የታመመ ካለ ይጠየቃል፤ የተጣላ ካለ ፅዋው ሳይጠጣ ይታረቃል። እናቴ ስታረጅ እኔን በእግሯ አስገባችኝ።

ከጊዜ በኋላ ግን ማኅበሩ ከበደኝ። ድግሱ በየዓመቱ ያድግ ነበር፤ አንዷ ሁለት እንስራ ጠላ ብትጠምቅ ቀጣይዋ ሦስት ትጠምቃለች። አንድ ጊዜ ተራዬ ከማታ ተረኝነቴ ጋር ገጠመና ዳቦና ቆሎ፣ ትንሽም ጠላ ብቻ አዘጋጀሁ። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ “ደመወዝተኛዋ ጠላ አነሳት” መባሉን ሰማሁ። አዘንኩ፤ ተቀየምኩም። በሚቀጥለው ወር አልሄድኩም፤ ከዚያም ስድስት ዓመት ቀረሁ። ሥራ ያዘኝ እል ነበር፤ እውነቱ ግን ኩራቴ ነው። በእነዚያ ስድስት ዓመታት እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። በኋላ ከማኅበርተኞቹ እንደሰማሁት፣ በየወሩ የራሷን ከጠጣች በኋላ “ይኼ ደግሞ የልጄ ነው” እያለች የእኔን ትጠጣልኝ ነበር።

የመለሰኝ ጦርነት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሞላሌ ሲደርስ፣ ከብዙ ሰዎች ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። እናቴ ያኔ ዕድሜዋ ሰማንያን አልፏል፤ ሕመሙም ገብቶባታል። የት እንዳለን አታውቅም። በዘመድ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሆነን አድረን ጠዋት ዓይኗን ገለጠችና “ዛሬ ስንት ነው?” አለች። “21 ነው እማዬ፤ ኅዳር ጽዮን” አልኳት። ቀና ብላ ተቀመጠች። “ፅዋው የት አለ?”

የፅዋው ተረኛ የነበረችው ማኅበርተኛ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብላ ተጠልላለች። ፈልጌ አገኘኋት። ከቤቷ ስትወጣ ፅዋውን ይዛ መሄድ ፈርታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ጎታው ውስጥ፣ ገብሱ ሥር ቀብራው መጥታለች። ስትነግረኝ አለቀሰች፤ “ይገኝ ይሆን?” እያለች። ከማኅበርተኞቹ አምስት ሆነን ተገናኘን። አብረውን የተፈናቀሉ አንድ ቄስ ነበሩ። አንድ ሳህን ቆሎና አንድ ጆግ ውኃ ነበረን። ካህኑ ባረኩት፤ በፕላስቲክ ኩባያ ውኃውን ተካፈልን። ያልተገኙትን ሁሉ በስም ጠራናቸው፤ የት እንዳሉ፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳናውቅ። እናቴ ሁለት ጊዜ ጠጣች። ሁለተኛውን “ይኼ የልጄ ነው” አለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ፤ ልጇ መሆኔን ግን አላወቀችም።

በዚያች ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት የያዝኩት ቂም አፈርኩበት። ማኅበሩ ከውኃና ከቆሎ በላይ ምንም አላስፈለገውም። ያስፈለገው አንዱ ሌላውን ማሰቡ ነበር።

ስንመለስ ፅዋው ከነጨርቁ ከገብሱ ሥር ተገኘ። በሚቀጥለው ማኅበር ላይ ሙሴው አንድ ሐሳብ አነሡ፤ ከእንግዲህ የተረኛ ቤት ዳቦና ቆሎ ብቻ ያቅርብ፤ ለድግስ የሚወጣው ቀርቶ እያንዳንዱ አቅሙ የፈቀደውን በሣጥን ያግባ፤ የታመመ ማኅበርተኛን ለማሳከም፣ ቤት የፈረሰበትን ለመርዳት ይዋል አሉ። ሁሉም ወዲያው አልተስማማም። “የአባቶቻችን ሥርዓት ሊቀር ነው” ያሉ ነበሩ። ሁለት ወር ተከራከርን። በመጨረሻ ጠላው ለዓመታዊው በዓል ብቻ ይሁን ተብሎ ስምምነት ላይ ደረስን። በገንዘብ እጥረት ቀርተው የነበሩ ሦስት ሰዎች ተመልሰዋል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ዝክር የለም።

እናቴ ግን እየራቀች ሄደች። እንደ ጤና ባለሙያ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። በዚህ ዓይነቱ የመርሳት ሕመም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ነው፤ በልጅነት ገብቶ ለዓመታት የተደጋገመው ዘግይቶ ይጠፋል። ለዚህ ነው ምሳ መብላቷን የማታስታውስ ሴት ውዳሴ ማርያምን ሳትሳሳት የምትደግመው። አንባቢዎቼን እዚህ ላይ የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ ወላጆቻችሁ መርሳት ሲጀምሩ “ዕድሜ ነው” ብላችሁ አትተዉአቸው፤ ሌላ ምክንያት ነው ብላችሁም አትሸሽጓቸው። ወደ ሐኪም ውሰዷቸው። ከእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከድብርት ወይም ከሚወስዱት መድኃኒት የሚመጣ መርሳት አለ፤ እንዲህ ያለው ሊታከም ይችላል።

የእናቴ ግን የሚመለስ አልነበረም። “ጸሎቷ እስከ መጨረሻው አልጠፋትም” ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም። መጀመሪያ ውዳሴ ማርያሙ መሐል ለመሐል ተቆረጠ። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት ጠፋ። ለጥቂት ወራት እጇ ብቻ ወደ ግንባሯ ይሄድ ነበር፤ ለምን እንደሄደ ግን የምታውቅ አይመስልም። በመጨረሻ እሱም ቆመ። “ዛሬ ስንት ነው?” የሚለውም ጥያቄ ቀረ።

ያኔ ተናወጥኩ። ዕድሜዋን በሙሉ እግዚአብሔርን ስታስብ የኖረች ሴት አሁን ካላሰበችው ምን ይቀራል? ይህን ለነፍስ አባቴ ጠየቅኋቸው። በቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ አስታወሱኝ። “እሱ ምን ጾም፣ ምን ዝክር ነበረው? የለመነው እንዲታሰብ ብቻ ነው። የእኛ ማሰብ ትንሽ ናት ልጄ፤ የሚይዘን የእሱ ማሰብ ነው” አሉኝ። ዘካርያስ የሚለው ስም ትርጉም ያኔ ገባኝ። እኔም በየጠዋቱ ጥያቄውን ሳትጠይቀኝ እመልስላት ጀመር፤ “እማዬ፣ ዛሬ 21 ነው፤ ማርያም ናት” እያልኩ እጇን ይዤ አማትባታለሁ። ለስድስት ዓመት የእኔን ጠጥታልኛለች፤ አሁን ተራው የእኔ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. አረፈች። የ40 ቀን ተዝካሯ ሲደርስ በሬ ይታረድ የሚሉ ዘመዶች ነበሩ። ብድር ገብቼ እንድደግስ የመከሩኝም አሉ። በመንደራችን ለተዝካር ብሎ መሬቱን ያከራየ፣ በጉን የሸጠ ሰው አይቻለሁ፤ ልጆቹም ዕዳውን ሲከፍሉ። እኔ ጸሎተ ፍትሐቱን አስደርሼ፣ ዳቦ ጋግሬ፣ ንፍሮ ቀቅዬ፣ ለነዳያንና ለቆሎ ተማሪዎች አበላሁ። ማኅበርተኞቿ መጡ። ቅር ያላቸው ዘመዶች እስከ አሁን ቅር ብሏቸዋል። እናቴ ግን በልጇ ዕዳ እንድትታሰብ የምትፈልግ ሴት አልነበረችም።

ለአያቶች የምለው ይህን ነው። የልጅ ልጆቻችን ከተማ ያደጉ ናቸው፤ ቀኑን የሚያዩት ከስልክ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ከአዲስ አበባ የመጣው የልጅ ልጄን እናቴ “ዛሬ ስንት ነው?” አለችው። ስልኩን አየና “21” አላት። “ማርያም!” ብላ አማተበች። እኔ ከማጀት ሮጬ “የለም እማዬ፣ 12 ነው፤ ሚካኤል ነው፤ ልጁ የፈረንጁን ቆጥሮ ነው” አልኳት። እሷ ፈገግ ብላ “ታዲያ ምን አለበት? ሁለቱም አሉ” አለች። ቤቱ በሣቅ ሞላ። ያን ቀን ልጁ ስልኩ ላይ የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ጫነ። አሁን ቀኑን ሲልክልኝ የበዓሉንም ስም ጨምሮ ነው።

ልጆችን በማስፈራራት አታስጸልዩ፤ “ካልጸለይክ እንዲህ ትሆናለህ” የተባለ ልጅ ሲያድግ ይሸሻል። ረጅም ጸሎት አትጫኑባቸው። አንድ ነገር ብቻ ምረጡና ከሚወዱት ሥራ ጋር እሰሩላቸው፤ እጅ ከመታጠብ፣ ከትምህርት ቤት መንገድ፣ ከመኝታ ጋር። ማታ ሲተኙ በዕለቱ ያዘነ አንድ ሰው፣ የታመመ አንድ ጓደኛ ስም ይጥሩ። የሞቱ አያቶቻቸውን የክርስትና ስም አስጠኗቸው። ከሁሉ በላይ ግን እናንተ ስታስቡ ይዩአችሁ። እኔን እናቴ ማንኛውንም ጸሎት ቁጭ አድርጋ አላስተማረችኝም፤ ሊጡ ላይ ስታማትብ አይቻት ነው። ይህ ለሌላ የክርስትና እምነት ተከታዮችም የሚሠራ ይመስለኛል፤ የቀኖቹ ስም ቢለያይም ልጅ የሚማረው ካየው ነው።

ፅዋው በሚመጣው 21 እኔ ቤት ይገባል። ገብሱን ቆልቼ ጨርሻለሁ፤ ዳቦው ይቀራል። ካህኑ ባርከው ፅዋው ሲዞር እኔ ሁለት ጊዜ እጠጣለሁ። ማኅበርተኞቼ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ።